ሲመሽ የሚጀምር ጭፈራ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የንጉሥ ወይም የጦር ታሪክ አይደለም፤ የአንድ ዘፈን ታሪክ ነው። አምስት ደቂቃ የማይሞላ፣ ከበሮው ገና ሲመታ ትከሻ የሚያነቃንቅ፣ በተከፈተበት ቤት ሁሉ የተቀመጠውን የሚያስነሳ ዘፈን። ስሙ «አይ ዋና ዳንስ ዊዝ ሰምባዲ» ነው፤ ያዜመችውም ዊትኒ ሂውስተን ናት። ዘመኑን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነውና ሰማንያዎቹ ስላችሁ የእነሱን ሰማንያዎች ያዙልኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሠርግ ቤት ነው። ጆርጅ ሜሪል የሚባል ኪቦርድ ተጫዋችና ሻነን ሩቢካም የምትባል ድምፃዊት የወዳጃቸውን ሠርግ ሊያደምቁ ሄደው እዚያው ተዋወቁ። ትውውቁ ወደ ፍቅር፣ ፍቅሩም ወደ ትዳር አደረሳቸው፤ «ቦይ ሚትስ ገርል» ብለው የሰየሙትን ጥንድ ባንድም መሠረቱ። ስማቸው ገና በሕዝብ አፍ ሳይገባ የሌሎችን ዘፈን እየተቀበሉ እንጀራቸውን ይጋግሩ ነበር። በ1984 ደኒስ ዊሊያምስ «ሌትስ ሂር ኢት ፎር ዘ ቦይ» ብላ አሜሪካን ስታስጨፍር ከኋላ ሆነው ከሚቀበሏት መካከል እነዚሁ ባልና ሚስት ነበሩ። ሠርግ ላይ የተጫወተ ሙዚቀኛ አንድ ነገር ይማራል፤ አሮጊቷንም ኮረዳዋንም ከወንበር የሚያስነሳው ምን እንደሆነ በዓይኑ አይቶ ያውቃል። የእነዚህ የሁለቱ ጥበብ ከዚያ የተቀዳ ይመስለኛል።

ታዲያ ባልና ሚስቱ «ሃው ዊል አይ ኖው» የሚል ዘፈን ጻፉ። የጻፉት ለጃኔት ጃክሰን ነበር። በጃኔት በኩል ያሉት ሰዎች ዘፈኑን አልፈለጉትም። ዞሮ ዞሮ አሪስታ በሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ሰዎች እጅ ገባ፤ እነሱም ገና የመጀመሪያ አልበሟን ለምታዘጋጅ አንዲት ወጣት ሰጧት። ዘፈኑ በ1986 በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ወጣቷ ማን እንደነበረች ታውቃላችሁ።

ስለ እሷ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ካልቆየሁ ዘፈኑ አይገባንም።

ዊትኒ በ1963 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በኒውዋርክ ከተማ ተወለደች። እናቷ ሲሲ ሂውስተን ስሟ ከሌሎች ስም በስተኋላ የሚጻፍ፣ ድምፅዋ ግን የሌሎችን ዘፈን ደግፎ የሚያቆም ሴት ነበረች። «ስዊት ኢንስፒሬሽንስ» በሚባለው ቡድኗ ለአሬታ ፍራንክሊንም ለኤልቪስ ፕሪስሊም ተቀብላለች። ድምፃዊቷ ዲዮን ዋርዊክም የዊትኒ የአክስት ልጅ ናት። እሑድ ሲመጣ ደግሞ ሲሲ በኒው ሆፕ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የመዘምራኑ መሪ ነበረች። ትንሿ ዊትኒ ገና በልጅነቷ ከዚያ መዘምራን ፊት ቆማ ብቻዋን ዘመረች።

የጥቁር አሜሪካውያንን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያዳመጠ ሰው ይህን ያውቃል፤ እዚያ ሐዘን በአንድ ቀን፣ ደስታ በሌላ ቀን ተብሎ አይከፈልም። ልጇን የቀበረች እናትና ልጇን የዳረች እናት በአንድ ወንበር ተቀምጠው በአንድ ዜማ ያጨበጭባሉ። ዘማሪዋ ለሁለቱም በአንድ ትንፋሽ መድረስ አለባት። ዊትኒ የተማረችው ይህን ነው። ድምፅዋን በማይክ ፊት ያገኘችው እንዳይመስላችሁ፤ ዝነኛው የአሪስታ አለቃ ክላይቭ ዴቪስ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ ከእናቷ ጋር ስትዘፍን ሰምቶ በ1983 ሲያስፈርማት ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ድምፁ ግን ቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ድምፅ ነበር።

እሺ፣ ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። የመጀመሪያው ዘፈን ከሰመረ በኋላ ለሁለተኛው አልበም ሌላ እንዲያመጡ ተጠየቁ። በዚያን ሰሞን ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ግሪክ ቲያትር በሚባለው ጣራ አልባ አዳራሽ ዊትኒ ስትዘፍን ሊያዩ ሄደዋል። እሷ መድረክ ላይ እያለች ተወርዋሪ ኮከብ ሰማዩን ሰንጥቆ ሲያልፍ አዩ። ከዚያ ምሽት «ዌይቲንግ ፎር ኤ ስታር ቱ ፎል» ተወለደ። ለዊትኒ ቢልኩት ክላይቭ ዴቪስ አይሆንም አለ። ባልና ሚስቱም ዘፈኑን አልጣሉትም፤ በ1988 ራሳቸው ዘፍነውት በአሜሪካ አምስተኛ ደረጃ ድረስ ወጣላቸው። በዊትኒ መድረክ ላይ ከታየ ኮከብ የተገኘ ዘፈን ለዊትኒ ሳይሆን ለገጣሚዎቹ እንጀራ ሆነ። እኔ በዚህ ታሪክ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ከእንቢታው በኋላ ነው እንግዲህ የእኛው ዘፈን የመጣው።

ሻነን ሩቢካም ኋላ እንደተናገረችው፣ በልቧ የነበረው የዲስኮ ቤት ጭፈራ ብቻ አልነበረም። ከአንድ ሰው ጋር ዕድሜ ልክ የሚጨፈር ጭፈራ ነበር ያሰበችው፤ የኑሮን ጭፈራ። ሁለቱ የቀዱት የሙከራ ቅጂ ናራዳ ማይክል ዋልደን እጅ ደረሰ። ናራዳ በሙያው ከበሮ መቺ ነው፤ በሰባዎቹ በማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ ውስጥ ያንን አስቸጋሪ የጃዝና የሮክ ቅልቅል ይመታ የነበረ፣ በ1985 ደግሞ ለአሬታ ፍራንክሊን «ፍሪዌይ ኦፍ ላቭ»ን የሠራ ፕሮዲውሰር። የሙከራ ቅጂውን ሲሰማ ግን አልጣመውም። የካውንትሪ ዘፈን፣ የላምና የፈረስ ጨዋታ ሜዳ ዘፈን መሰለው። ዜማው አለ፤ ወገብ የሚይዝ ነገር የለውም።

እናላችሁ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ፣ ሳን ራፋኤል በሚባል ከተማ ባለው ስቱዲዮው ገብቶ ዘፈኑን ከእግሩ ጀምሮ እንደገና ሠራው። ከበሮ መቺ ነውና ከምቱ ተነሣ። በደቂቃ 119 ያህል ምት አደረገው፤ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው እርምጃ ነው፤ የሚሮጥ አይደለም፤ የሚያዘግምም አይደለም። ለዚህ ነው ዳንስ የማይችል ሰው እንኳ የማይጠፋበት። ከምቱ በታች በሲንተሳይዘር የተሠራ ቤዝ አኖረበት፤ ያንን ቤዝ የተጫወተው ራንዲ ጃክሰን ነው፤ ብዙዎቻችሁ ኋላ «አሜሪካን አይዶል» ላይ በዳኝነት ተቀምጦ ያያችሁት። ኪቦርዱ ላይ ዋልተር አፋናሲየፍ ነበር፤ እሱም ኋላ ከማራያ ኬሪ ጋር ትልልቅ ሥራ የሠራ ሰው። ከላይ የናስ መሣሪያ ድምፅ እንደ ጥሩምባ ብልጭ ብልጭ ይላል።

መግቢያውን ልብ ብላችሁ ስሙት። ግጥም ከመምጣቱ በፊት ከበሮው ብቻውን ይናገራል፤ ከዚያ ናሱ ይገባል፤ ከዚያ ዊትኒ ቃል የሌለው የደስታ ጩኸት ታሰማለች። ገና አንድ ቃል ሳይባል ሰው ተነሥቷል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ አድማጩ ዘፈኑ ስለምን እንደሆነ ሳይሰማ ቆሟል፤ ሲሰማ ደግሞ ለመቀመጥ ዘግይቷል።

ለምን ዘገየ? ምክንያቱም የግጥሙ ነገር ሌላ ነው።

ዘፈኑ የሚጀምረው በምሽት ነው። ሰዓቱ ይደውላል፤ ፀሐይ ትጠልቃለች። ቀኑን እንደምንም ስትገፋ የዋለች ሴት መብራት ሲደበዝዝ ብቸኝነቷ ሊጠይቃት ይመጣል። ሰው ወድዳ ወድቃ ታውቃለች፤ የሞቀው ሁሉ ሲበርድ አይታለች። አሁን የምትፈልገው አብሯት የሚጨፍር ሰው ነው። ይህም ሰው ማንም ቢሆን አይበቃትም፤ የሚወዳት መሆን አለበት። እንግዲህ ይህ ሁሉ የተባለው በየሠርጉ እጅ በሚያስነሣ ምት ላይ ነው።

በዘመኑ አንዳንድ ሐያሲዎች ዘፈኑን የ«ሃው ዊል አይ ኖው» ግልባጭ ነው ብለው አጣጣሉት። ደራሲዎቹ አንድ፣ ፕሮዲውሰሩ አንድ፣ ምቱም የአንድ ቤተሰብ ስለሆነ እንዲያ ቢሉ አይገርምም። እኔ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። በመጀመሪያው ዘፈን ውስጥ አንድ ወንድ አለ፤ ልጅቷ ይወደኛል ወይስ አይወደኝም ብላ ትጨነቃለች፤ ጭንቀቷ የሚጣፍጥ የኮረዳ ጭንቀት ነው። በሁለተኛው ዘፈን ውስጥ ግን ሰው የለም። ስም የለም፣ መልክ የለም፣ በር የሚያንኳኳ የለም። የጠራችው ሰው እስከ ዘፈኑ መጨረሻ ድረስ አይመጣም። ሙዚቃው እየደበዘዘ ሲያልቅም እሷ ገና እየጠራች ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ ናቸው የሚል ሰው ምቱን ሰምቷል፤ ሴቲቱን አልሰማትም።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ ከሁሉም የምወደው ይህን ነውና።

ይህን ግጥም ሌላ ድምፃዊት ብታገኘው ከሁለት አንዱን ታደርግ ነበር። ወይ ሐዘኑን ረስታ በምቱ ብቻ ትጋልባለች፤ ያኔ ዘፈኑ ከዓመቱ ጋር ያልፋል። ወይ ሐዘኑን አክብራ ምቱን ታቀዘቅዛለች፤ ያኔ ማንም አይጨፍርበትም። ዊትኒ ሁለቱንም አላደረገችም። በግጥሙ መጀመሪያ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለጓደኛ እንደሚነገር ትናገራለች፤ ቃሉን አታስጌጥም። ወደ አዝማቹ ሲቃረብ ድምፁ እየተጠራቀመ ይመጣል። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ደረቷን ትከፍተዋለች፤ የኒው ሆፕ ቤተ ክርስቲያን ያኔ ይገባል። ያ ድምፅ ብቸኛ ነኝ እያለ አያለቅስም፤ እንደሚመለስለት አምኖ ይጠራል። ልመናና እልልታ በአንድ ጉሮሮ ሲወጡ ምን እንደሚመስሉ የምንሰማው እዚያ ላይ ነው። ለሐዘንተኛዋም ለሙሽራዋም በአንድ ትንፋሽ መድረስ ያልኳችሁ ይኸው ነው።

ዘፈኑ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ሌላ ነገር ይሆናል። ቁልፉ ወደ ላይ ይነሣል፤ ያው ዜማ፣ ያው ምት፣ ነገር ግን ሁሉም አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይቆማል። በዘመኑ ብዙ ዘፋኞች ይህን ያደርጉ ነበር፤ አብዛኞቹ የሚያደርጉት ዘፈኑ ስለደከመባቸው ነው። እዚህ ላይ ግን የተገባ ከፍታ ነው፤ የጠራችው ሰው አልመጣምና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጠራለች። ከዚያ ተቀባዮቹ ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች፤ እሷ ትጥላለች፣ እነሱ ያነሣሉ። የእኛም ጆሮ ይህን ያውቃል፤ አውራጅና ተቀባይ ያለበት ጨዋታ ሁሉ የሚሞቀው እንዲሁ ነው። ብቻዋን የነበረችው ሴት ቢያንስ በድምፅ ብቻዋን አይደለችም።

ዘፈኑ በግንቦት 1987 ወጣ። በሰኔ መጨረሻ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ፤ ሁለት ሳምንት ቆየ። በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በአውስትራሊያም አንደኛ ሆነ። ለዊትኒ በአሜሪካ ተከታታይ አራተኛው አንደኛ ነበር፤ ሰንሰለቱ ሰባት እስኪሞላ ድረስ አልተቋረጠም፤ ቢትልስና ቢ ጂስ የቆሙት ስድስት ላይ ነበር። «ዊትኒ» የተባለው አልበሟም በወጣበት ሳምንት በቀጥታ አንደኛ ገባ፤ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1988 ዘፈኑ የግራሚ ሽልማት አመጣላት። ክሊፑንም ያላየ ያለ አይመስለኝም፤ ብራያን ግራንት ያዘጋጀው፣ መጀመሪያ ላይ በጥቁርና ነጭ ከመድረክ ስትወርድ የሚያሳየው፣ ከዚያ ቀለም ፈንድቶ ያ ጥቅልል ጸጉሯ፣ ያ ሳቋ የሚመጣበት።

ያ ሳቅ የታየበት ዘመን ግን ለሁሉም የሳቅ ዘመን አልነበረም። በ1987 በኒው ዮርክና በሳን ፍራንሲስኮ ኤድስ ወጣቱን እያጨደ ነበር። የጭፈራ ቤቶቹን ከሞሉት መካከል ትናንት ጓደኛቸውን ቀብረው የመጡ ብዙ ነበሩ። የዘፈኑ ረዘም ያለ የጭፈራ ቤት ቅጂ፣ ጄሊቢን ቤኒቴዝ የሠራው፣ በእነዚያ ወለሎች ላይ ሲዞር ከረመ፤ በጭፈራ ዘፈኖች ሰንጠረዥም አንደኛ ወጣ። የሚወደኝ ሰው አብሮኝ ይጨፍር የሚል ዘፈን፣ ወዳጆቹ አንድ በአንድ በሚያልቁበት ወለል ላይ። ይህን ዘፈን ቀላል የሚሉ ሰዎች እዚያ ሆነው ቢሰሙት ኖሮ እላለሁ።

ቀላል ያሉትም፣ ከዚያ የባሰ ያሉትም ነበሩ። ዊትኒ ለነጭ አድማጭ የተስማማች፣ ከራሷ ሕዝብ ሙዚቃ የራቀች ናት የሚል ወሬ ተነሣ። በ1989 የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ በሚሸለምበት በሶል ትሬይን ሽልማት ላይ ስሟ ከዕጩዎች ጋር ሲጠራ ከአዳራሹ የተቃውሞ ጩኸት ተሰማ። በገዛ ወገን አዳራሽ ውስጥ እንዲያ መጮህ ምን ያህል እንደሚያም ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እኔ ፍርዳቸው ልክ አልነበረም ባይ ነኝ። ያንን አዝማች የሰማ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ወንበር ካልሰማበት የናሱ ብልጭታ ጆሮውን ሸፍኖበታል። ዋልደን ጥቁር ከበሮ መቺ፣ ሲሲ ያሳደገችው የጥቁር ቤተ ክርስቲያን ድምፅ፤ ከሥሩ የራቀው ምኑ ነው?

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላረዝመውም። በእኛም አገር ብዙ ሰው ዊትኒን የሚያውቃት በ1992ቱ «ዘ ቦዲጋርድ» ፊልምና በዚያ ረጅም የስንብት ዘፈን ነው። ከዚያ ክፉ ዓመታት መጡ፤ ሱስ መጣ፤ ያ ድምፅ ደከመ። በየካቲት 11 ቀን 2012፣ በግራሚ ሽልማት ዋዜማ፣ ቤቨርሊ ሂልስ በሚገኝ ሆቴል ውስጥ በ48 ዓመቷ አረፈች። ከሳምንት በኋላ የሽኝት ጸሎቷ የተደረገው ኒውዋርክ፣ በዚያው በኒው ሆፕ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሬሳ ሳጥኗ ሲወጣ የተሰማው ያ የስንብት ዘፈን ነበር፤ ተገቢም ነው።

ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሕዝቡ ሌላም ነገር አደረገ። ሐዘን ላይ ያለ ሕዝብ የጭፈራ ዘፈን ፈለገ። «አይ ዋና ዳንስ ዊዝ ሰምባዲ» ከወጣ ከ25 ዓመት በኋላ ወደ ሰንጠረዡ ተመለሰ። በ2022 የሕይወት ታሪኳ ፊልም ሲሠራ፣ ናኦሚ አኪ እሷን ሆና ስትተውን፣ ለፊልሙ ስም የሆነው የስንብቱ ዘፈን አልነበረም፤ ይኸው የጭፈራው ዘፈን ነው። ይህ ምርጫ ትክክል ነው። ሰው ሊያስታውሳት የወደደው ስትለይ አይደለም፤ ስትጠራ ነው።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የዊትኒ ሂውስተን ትልቁ ሥራ የቱ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ድምፅዋ ሰማይ የነካበትን ያንን የስንብት ዘፈን አልመርጥም። እዚያ ላይ ሐዘኑም ዜማውም አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ከባድ ነው፤ ግን መንገዱ የታወቀ ነው። እዚህኛው ላይ ሐዘኑ ወደ ታች፣ ምቱ ወደ ላይ ይስባል፤ እሷ መሐል ቆማ ሁለቱንም ይዛ አትለቅም። ይህን ሌላ ማን ያደርገዋል?

በሚቀጥለው ጊዜ ሠርግ ላይ ይህ ዘፈን ሲከፈት ጨፍሩበት፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ግን የመጀመሪያውን ስንኝ በጭብጨባ አታልፉት፤ እዚያ ላይ ጆሯችሁን ስጧት። ዙሪያችሁንም ተመልከቱ፤ ብቻውን ተቀምጦ በጣቱ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው አይጠፋም። ሂዱና አስነሡት።